የብግነት ማብቂያስ በምን ይለካል?

በቅማል በሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ለታመመ ሰው ፔኒሲሊን ሲወጋ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ይብስበታል። ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ያሻቅባል፤ የደም ግፊቱም መጀመሪያ ከፍ ብሎ ኋላ ያሽቆለቁላል። ባክቴሪያው ከደሙ እየጠፋ ያለው ግን በዚሁ ሰዓት ነው። በዚህ መካከል የሚሞትም አለ። ያሪሽ-ሄርክስሃይመር ምላሽ በሚባለው በዚህ ክስተት ሕመምተኛውን የሚያንቀጠቅጠው፣ በሚበጣጠሰው ባክቴሪያ የተቀሰቀሰው የገዛ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ሥራ ነው።

ይህን የማነሣው ስለ ብግነት የምናስተምርበትና የምንመራመርበት መንገድ አንድ ጎኑ ጎድሏል ብዬ ስለማምን ነው። ብግነት፣ በተለመደው አነጋገር የአካል መቆጣት፣ እንዴት እንደሚጀምር በስፋት እናጠናለን። እንዴት እንደሚያበቃ ግን ራሱን እንደቻለ ጥያቄ አንይዘውም፤ ማገዶ እንዳለቀበት እሳት በራሱ ጊዜ የሚከስም እናስመስለዋለን። ሞለኪውላዊው ማስረጃ ከዚህ ጋር አይስማማም።

ቦሬሊያ ሊፖፖሊሳካራይድ የሌለው ባክቴሪያ ስለሆነ ማክሮፋጅ የሚለየው በገጽታው ባሉት ሊፖፕሮቲኖች ነው። ምልክቱ ከተቀባዩ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ አይ-ካፓ-ቢ-አልፋ የተባለው አጋች ፕሮቲን ይፈርሳል። ታግዶ የነበረው ኤን.ኤፍ.-ካፓ-ቢ ነጻ ወጥቶ ወደ አስኳሉ ይገባል፤ የቲ.ኤን.ኤፍ.ንና የኢንተርሉኪን-6ን ዘረ መሎች ያነቃል። እስከዚህ ያለውን የመጀመሪያ ዓመት የድኅረ ምረቃ ተማሪ በቃሉ ይወጣዋል።

ትኩረት የሚነፈገው ቀጥሎ ያለው ነው። ያው ኤን.ኤፍ.-ካፓ-ቢ በዚያው አፍታ ከሚያነቃቸው ዘረ መሎች አንዱ የራሱ አጋች የአይ-ካፓ-ቢ-አልፋ ዘረ መል ነው። አዲስ የተሠራው አጋች ወደ አስኳሉ ገብቶ ኤን.ኤፍ.-ካፓ-ቢን ከዲ.ኤን.ኤ. ያላቅቀዋል፣ ወደ ውጭም ይመልሰዋል። ቀስቃሹ ካልተወገደ ፕሮቲኑ በየ100 ደቂቃው ገደማ ሲገባና ሲወጣ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ታይቷል። ኤ20 የሚባለው ሌላው ፕሮቲንም በዚሁ መንገድ ይመረትና ምልክቱን ከላይ ከምንጩ ያዳክማል። ትሪስቴትራፕሮሊን ደግሞ የቲ.ኤን.ኤፍ.ን መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ይዞ ቶሎ እንዲፈርስ ያደርጋል። እንግዲህ ለኳሹም ልጓሙም የሚወጡት ከአንድ ትእዛዝ ነው ማለት ነው።

እነዚህ ልጓሞች ለክፉ ቀን የተቀመጡ መጠባበቂያዎች አለመሆናቸውን ልጓሙ የጎደለባቸው እንስሳት ያሳያሉ። ኤ20 የሌላት አይጥ በብግነት ከስታ ያለ ዕድሜዋ ትሞታለች። ትሪስቴትራፕሮሊን የሌላት ደግሞ ትከሳለች፣ መገጣጠሚያዎቿም ይቆጣሉ፤ ይህ ሁሉ የቲ.ኤን.ኤፍ. ፀረ እንግዳ አካል ሲሰጣት ይቀራል። ከኤ20 ዘረ መል ሁለት ቅጂዎች አንዱ ብቻ የተበላሸባቸው ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ በአፍ ቁስልና በተደጋጋሚ ብግነት እንደሚሠቃዩ በ2016 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። በሌላ አነጋገር፣ ጤነኛ የምንለው ሰው ብግነት የሌለበት ሳይሆን ልጓሙ ያለማቋረጥ የሚሠራለት ነው።

በሕዋሳት ደረጃም ነገሩ ይኸው ነው። ሥራውን የጨረሰ ኒውትሮፊል በሥርዓት ሲሞት ውስጠኛ ገጽ ላይ የነበረውን ፎስፋቲዲልሰሪን ወደ ውጭ ያወጣል፤ ማክሮፋጅም በዚያ ምልክት ለይቶ ይውጠዋል፣ በመዋጡም ቲ.ጂ.ኤፍ.-ቤታን ያመነጫል። ትኩሳትና ሕመም ያመጣል የምንለው ፕሮስታግላንዲን ኢ2 እንኳ ኒውትሮፊሎች ሊፖክሲን ወደ ማምረት እንዲሸጋገሩ ያዘጋጃል። «አባባሽ» እና «አብራጅ» ብለን ሞለኪውሎችን በሁለት ሰልፍ የምናቆምበት ሠንጠረዥ ለፈተና ይመች ይሆናል እንጂ ለምርምር አይበጅም።

ወደ ሕመምተኛው ልመለስ። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመው የአዲስ አበባ ጥናት፣ በሚያገረሽ ትኩሳት ለታመሙ ሰዎች ፔኒሲሊን ከመወጋታቸው 30 ደቂቃ አስቀድሞ የቲ.ኤን.ኤፍ. ፀረ እንግዳ አካል ቁራጭ ሰጥቶ ነበር። ከ20ዎቹ ምላሹ የታየባቸው 10 ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች ግን 26ቱ ላይ ታይቷል። ይህን ውጤት ብዙዎቻችን በኩራት እንጠቅሰዋለን። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመውን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው፦ በዚሁ በሽታ ለታመሙ የተሰጠው ኢንተርሉኪን-10፣ ዋነኛ አብራጅ ተብሎ የሚታወቀው፣ ሳይቶካይኖቹንም ሆነ የሕመሙን ምልክቶች አልለወጠም። ኮርቲኮስቴሮይድም ቢሆን ይህን ምላሽ አይከለክልም።

በእኔ ንባብ ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስተምረው ያልተሳካው ነው። አብራጅ ሞለኪውል ማፍሰስ ብቻውን ማብረድ አይደለም፤ ሕዋሱ በዚያ ሰዓት የት ደረጃ ላይ እንዳለ ካላወቅን ልጓሙን የምናጠልቀው ፈረሱ ካመለጠ በኋላ ሊሆን ይችላል። ቲ.ኤን.ኤፍ.ን ማገድም ቢሆን ጊዜና ቦታ ይመርጣል። በዚያው በ1996 በሴፕቲክ ሾክ ላይ የተሞከረው የቲ.ኤን.ኤፍ. ማገጃ ሕይወት አላዳነም፤ እንዲያውም መጠኑ ሲጨምር የሟቾች ቁጥር ጨምሯል። ለመገጣጠሚያ ብግነት ኢንፍሊክሲማብ የወሰዱ ሰዎች ተዳፍኖ የቆየ የሳንባ ነቀርሳ እንደተቀሰቀሰባቸው በ2001 ሲዘገብም፣ ቲ.ኤን.ኤፍ. ግራኑሎማውን አጽንቶ የሚይዝ ግንብ መሆኑ በሰው ላይ ታየ። ነቀርሳ በሰፊው በሚገኝበት አገር ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ከአንድ ሕመምተኛ አንድ ጊዜ ደም ቀድተን፣ የቲ.ኤን.ኤፍ.ንና የኢንተርሉኪን-10ን መጠን ለክተን፣ ሁለቱን አካፍለን «የብግነት ሚዛን» ማለታችን ምን ይነግረናል? ያ ቁጥር በመውጣት ላይ ያለን ሰው በመውረድ ላይ ካለው አይለይም። በውድ የተገዛው የመለኪያ ኪት አልቆ ጥያቄው እንዳለ ይቀራል።

ተደጋጋሚ ናሙና ወጪው ከባድ ነው የሚለውን ተቃውሞ አልንቀውም። ሆኖም በብዙ ሰው ላይ አንድ ጊዜ ከመለካት በጥቂት ሰው ላይ አራት ጊዜ መለካት የሚመረጥበት ጥያቄ አለ፤ ይህም አንዱ ነው። በአብዛኛው የሰው በሽታ ብግነቱ መቼ እንደጀመረ አናውቅም፤ ሕመምተኛው ሲመጣ ሰዓቱ ቆጥሮ ቆይቷል። በሚያገረሽ ትኩሳት ግን የማዕበሉን መነሻ በደቂቃ እናውቀዋለን፤ መርፌው የተወጋበት ጊዜ ነው። ከመርፌው በፊት፣ በእንቅጥቅጡ ወቅት፣ ትኩሳቱ ሲወርድና በማግሥቱ የሚወሰድ ናሙና፣ ከነጭ የደም ሕዋሳት ቆጠራና ከአይ-ካፓ-ቢ-አልፋ፣ ከኤ20 እና ከትሪስቴትራፕሮሊን መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ልኬት ጋር፣ በሰው ደም ውስጥ ልጓሙ በስንተኛው ሰዓት እንደሚይዝ ሊያሳየን ይችላል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ይህ በሽታ የሚያጠቃው በብርድ ወቅት ተጨናንቆ የሚያድረውን፣ ልብስ መቀየሪያ የሌለውን ሰው ነው። ደሙን አራት ጊዜ የምንጠይቀው ከዚያ ሰው ነው፤ ስለዚህ የጥናቱ ዕቅድ ሲጻፍ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ነርሷ ከአልጋው አጠገብ እስከ ስንት ሰዓት መቆየት እንዳለባት፣ የትኛውን ሕመምተኛም አስቀድማ መከታተል እንደሚገባት የሚመልስ ሊሆን ይገባል።