ልማድ ነው ወይስ ትርጓሜ?

የተከበራችሁ ወላጆችና ሽማግሌዎች፣

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 በሰንበት ቀን በመኖሪያችን እሳት እንዳናነድ ታዘናል። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ጥያቄው ግን ትልቅ ነው። የተከለከለው እሳት መለኮስ ብቻ ነው ወይስ ቀድሞ የተለኮሰው ሲነድ ማደሩም ጭምር? የታልሙድ ሊቃውንት መለኮስ ብቻ ነው ብለው ተረጎሙ። ስለዚህ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሻማ ይበራል፣ ምግቡም እንደሞቀ ያድራል። በኢትዮጵያ የነበሩ ቄሶቻችን ግን በሰንበት በቤት ውስጥ እሳት ሊኖር አይገባም አሉ። ስለዚህ ዓርብ ሳይመሽ እሳቱ ይጠፋ ነበር፤ ቤተሰቡም በጨለማ አምሽቶ የቀዘቀዘ ምግብ ይበላ ነበር።

በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው «ትርጓሜ» ይባላል፣ የእናንተው «ልማድ» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለቱም ያንኑ ቃል አንብበው የደረሱበት ነው። በሻቩዖትም እንዲሁ ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 ሰባቱ ሳምንታት ከሰንበት ማግስት ጀምሮ እንዲቆጠሩ ታዟል። የታልሙድ ሊቃውንት እዚህ ላይ «ሰንበት» የተባለው የፋሲካ የመጀመሪያ ቀን ነው አሉ፤ ቄሶቻችን የመጨረሻው ቀን ነው አሉ። አንዲትን ቃል እንዲህ የመረመረ ሰው ልማድ ብቻ ተከተለ አይባልም።

ሁለት ትርጓሜ ካለ አንዱ ስሕተት ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን የሂሌል ቤትና የሻማይ ቤትም ብዙ ተከራክረዋል። ሕጉ በአብዛኛው እንደ ሂሌል ቤት ቢሆንም የሻማይ ቤት ቃል አልተጣለም፤ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይጠናል። ዛሬ ብዙዎቻችን በሰንበት ሻማ እናበራለን፤ ይህ ግን የቄሶቻችንን ቃል እንድንረሳ አያደርገንም። የእነሱ ትርጓሜ በአብዛኛው በቃል የተላለፈ ስለሆነ፣ የሰሙት ሰዎች ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

በነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 8 ኦሪት ሲነበብ ሌዋውያን ሕዝቡ እንዲያስተውል ያስረዱ ነበር። ክኔሴት እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል ብሎ ያወጀው ስግድም ይህንኑ ያስታውሳል። ቄሶች በግዕዝ ያነባሉ፤ እዚህ አገር የተወለድነው ልጆች ግን ዜማውን ብቻ ሰምተን ወደ ቤት እንመለሳለን።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ስንጠይቃችሁ «እኛ ያደግነው እንዲህ ነው» ብላችሁ አትለፉን። ቄሱ ቃሉን እንዴት እንዳስረዱ፣ ለምን እንዲህ እንዳሉ ንገሩን። እናንተ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ተናገሩ፤ እኛ በዕብራይስጥም ቢሆን እንጽፈዋለን።