የሞንታርቦው ሽቦ ፊትና ኋላ አለውን?



ባለፈው ስብሰባ ለሞንታርቦው አዲስ ሽቦ ይገዛ አይገዛ እየተባለ እስኪመሽ መጨቃጨቃችን ይታወሳል። ነገሩ የተነሣው አንድ ነጋዴ ቀስት የተሣለበት ሽቦ አሳይቶ፣ «ድምፅ የሚያልፈው በቀስቱ በኩል ብቻ ነው፤ የእናንተ ተገልብጦ ስለ ተሰካ ነው የሚቆራረጠው» ስላለን ነው። ዋጋው የተራውን 3 እጥፍ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ከቅሬው ሣጥን ሊወጣ ነው፤ ለድንኳንና ለከፈን ብላችሁ በየወሩ ካዋጣችሁት።

እኛ በበኩላችን አይገዛ እንላለን።

በሽቦው ውስጥ ያለው የድምፅ ኤሌክትሪክ እንደ ቦርከና ውሃ ቁልቁል ብቻ የሚወርድ አይደለም። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የቤታችን መብራት እንኳ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ጆሯችን የሚሰማው ድምፅ ደግሞ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ ነው። መዳቡ መሄጃውን ፈቅዶ መመለሻውን ቢከለክል ኖሮ ንግግሩ በተበላሸ ነበር።

«ገልብጠን ስንሰካው ሠራ እኮ!» ያላችሁ አባቶች አልዋሻችሁም፤ እኛም ቆመን አይተናል። ግን ሲነቀልና ሲሰካ የጫፉ ዝገት ተፋቀ፣ የላላውም ጠበቀ። ሳይገለበጥ ተነቅሎ ቢመለስም ይሠራ ነበር። ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቹን ጀርባ አሰጥተን ያንኑ ሽቦ 10 ጊዜ፣ አንዴ በቀናው አንዴ በግልብጡ እያደረግን ሰካን። ግማሹን አወቁ፣ ግማሹን ሳቱ። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት በምን ተለየ?

ቀስት ሁሉ ውሸት ነው አላልንም። አንዳንድ ቀጭን የድምፅ ገመድ የሚሸፍነው የሽቦ መረብ በአንድ ጫፍ ብቻ ይታሰራል፤ እሱም እዝዝታ እንዳይገባ ነው። ቀስቱም የትኛው ጫፍ በየት እንደሚሰካ ያሳያል። የሞንታርቦው ሽቦ ግን መረብም የለው።

ይልቅ መጠንቀቅ ያለብን ቀይና ጥቁሩን ነው። ከሁለቱ ሞንታርቦዎች የአንዱ ተገላብጦ ከታሰረ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ መሐል ለተቀመጠ ሰው ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋበታል። በበጋው ሠርግ ላይ የደረሰብን ይኸው ነበር፣ ያውም ሽቦ አሳሪው እኛው ነን። ሌላው ቅጥነቱ ነው። ከድንኳኑ እስከ አስፋልቱ የዘረጋነው ሽቦ ቀጭን ነው፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉን የሚያግደውም እጥፍ ይሆናል። ከከሚሴ ገበያ ወፈር ያለ ተራ ሽቦ ቢገዛ ይበቃል።

ይህን የማይቀበል አባል ካለ ባለ ቀስቱን ሽቦ ከነጋዴው ለአንድ ቀን ተውሶ ያምጣልን፤ ጀርባችንን ሰጥተን እንሰማለን። ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ