ከተማ በእንግዳዋ ትለካለች

አንድን ከተማ ለመመዘን የሚሻ ሰው ሁለት ሚዛኖች አሉት። አንደኛው የሕንፃዎቿን ቁመት፣ የሆቴሎቿን ደረጃና የአደባባዮቿን ስፋት መቁጠር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከክፍለ ሀገር ሌሊቱን ተጉዞ በማለዳ ከአውቶቡስ የወረደ፣ ከተማዋን ከዚያ ቀደም አይቷት የማያውቅ፣ በኪሱ ጥቂት ብር ብቻ የያዘ ሠርቶ አደር የሚሄድበትን ለማግኘት ስንት ሰው እንደሚጠይቅ፣ ለመጓጓዣ ምን ያህል እንደሚከፍልና ሲመሽ የት እንደሚያድር መመርመር ነው። የመጀመሪያው ሚዛን ስለ ከተማዋ ሀብት ይነግረናል፤ ሁለተኛው ግን ስለ ከተማዋ ጠባይና ለማን እንደቆመች ይመሰክራል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የአገራችንን ከተሞች በሁለተኛው ሚዛን ለመመዘን ተነሥተናል፤ ከተማ የጥቂቶች መዝናኛ ሳትሆን የብዙኃኑ የጋራ ቤት ናት ብለን እናምናለንና።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ከተሞቻችን ለጎብኚ ይመቻሉ ወይስ አይመቹም የሚል ጥያቄ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ በቀጥታ የሚያመራው ካሜራ በአንገቱ ወዳንጠለጠለው የባሕር ማዶ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት እየተባሉ የሚጠሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን «የ13 ወር ፀጋ» በሚል መፈክር ለዓለም ባስተዋወቁበት ዘመንም ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» የተሰኘው መፈክር በተተካበት ወቅት ጥሪው በዋናነት የተላለፈው ከውጭ ለሚመጣው እንግዳ ነበር። የዚህ እንግዳ መምጣት ለአገር የሚሰጠው ጥቅም አሌ የሚባል አይደለም። ይሁን እንጂ «መጎብኘት» የሚለው የአማርኛ ቃል ከዚህ እጅግ የሰፋ ትርጉም አለው። ገበሬው ማሳውን ይጎበኛል፤ ጎረቤት የታመመ ጎረቤቱን ይጎበኛል። ሕመምተኛ ደግፎ ከሩቅ ወረዳ የመጣው አባት፣ ይግባኝ ለማለት የመጣው ባለጉዳይ፣ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ የመጣችው እናት፣ ለዓመታት ያላየውን ወንድሙን ሊጠይቅ የመጣው ዘመድ፣ እነዚህ ሁሉ የከተማ ጎብኚዎች ናቸው። ከተሞቻችንን ቀንና ሌሊት የሚሞሏቸውም እነርሱ ናቸው።

ለዚህ ሐሳብ ከቸርችል ጎዳና የተሻለ ማስረጃ አናገኝም። ይህ ጎዳና ከለገሃር ተነሥቶ ሽቅብ እያቀና አራዳ ጉብታ ላይ ከቆመው ማዘጋጃ ቤት ይደርሳል፤ ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት አሥርት ዓመታት በጎዳናው ግራና ቀኝ የአገሪቱ ዐበይት ተቋማት ተደረደሩ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ፣ ዋናው ፖስታ ቤት፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት፣ ከዚያም የቴዎድሮስ አደባባይ፣ በመጨረሻም በ1950ዎቹ የተገነባው ማዘጋጃ ቤት ተከታትለው ይገኛሉ።

ጎዳናው በዚህ መልክ ሲታነፅ የዘውዱን ሥርዓት ግርማ እንዲያሳይ መታሰቡ የሚያጠራጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀረበው የፈረንሳዊው ደ ማሪየን ማስተር ፕላንም ማዘጋጃ ቤቱንና ባቡር ጣቢያውን የሚያያይዘውን ይህን መስመር የከተማዋ ዐቢይ ዘንግ አድርጎ ወስዶታል። ነገር ግን ለሰልፍና ለክብር የታሰበው ጎዳና፣ ያሰቡት ሰዎች ሳያስቡት፣ ለተራው መንገደኛ ትልቅ ውለታ ዋለ። ከባቡር የወረደ ሰው ቀና ብሎ ሽቅብ ሲመለከት መንገዱ ራሱ መሪ ይሆነዋል፤ ደብዳቤ የሚልክበት፣ ገንዘብ የሚቀበልበት፣ የሚታከምበትና አቤት የሚልበት ሥፍራ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ከዚያም አለፍ ሲል አራዳና ፒያሳ ናቸው፤ በእቴጌ ጣይቱ የተመሠረተው የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴልም የሚገኘው እዚያው ነው። እንደሚተረከው፣ ገንዘብ ከፍሎ በሰው ቤት መብላት ለኅብረተሰቡ እንግዳ ነገር በነበረበት በዚያ ዘመን ሆቴሉን ማስለመድ ቀላል አልነበረም።

ይህ ትረካ ቁም ነገር አለው። የቀድሞው ኅብረተሰብ የመሸበትን መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ያስተናግድ ነበር። መንገደኛው ከደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ እግሩን አጥቦ ያሳድረው ነበር። የከተማ ኑሮ ሲስፋፋ ይህ ግዴታ ከግለሰቡ ጫንቃ ወርዶ ወደ ገበያው ተዛወረ፤ ገበያው ደግሞ የሚያስተናግደው የሚከፍለውን ነው። የማይከፍለውን ወይም ጥቂት የሚከፍለውን እንግዳ ማን ይቀበለዋል? ከተማዋ ራሷ ልትቀበለው ይገባል የሚለው ነው የእኛ መልስ።

በዚህ ሚዛን ሌሎች ከተሞቻችንን እንመልከት። ሐረር በ16ኛው መቶ ዓመት የተገነባ ግንብ የከበባት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ናት። የጀጎል ውስጥ መንገዶች ጠባብና ጥምዝምዝ ቢሆኑም እንግዳ በቀላሉ አይጠፋባቸውም፤ ምክንያቱም አምስቱ በሮች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ሸዋ በርን ወይም ኤረር በርን የጠየቀ ሰው ሕፃን ልጅም ያደርሰዋል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰው ባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ስትሆን፣ ሜዳማነቷና የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ ጥላማ መንገዶች ለእግረኛ ይመቻሉ። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ተዘርግታ፣ በዘንባባ ተከልላ፣ ሐይቋን ከመንገዷ ዳር አስቀምጣ በእግርና በብስክሌት ለሚዘዋወር ሰው ከአገራችን ከተሞች ሁሉ የተመቸች ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ቢበዛባትም የፋሲል ግቢ ከፒያሳዋ በእግር የሚደረስ በመሆኑ እንግዳዋን አታንከራትትም፤ ለረጅም ዓመታት የቆየው የውኃ ዕጥረቷ ግን አዳሪውንም ነዋሪውንም አስቸግሯል።

ከሁሉም በላይ ሊጠቀስ የሚገባው የላሊበላ ምሳሌ ነው። በልደት በዓል ሰሞን ከየአቅጣጫው በእግሩ የሚጎርፈውን ምእመን የከተማዋ ነዋሪዎች ወጥተው ይቀበሉታል፤ የደከመ እግሩን ያጥቡለታል፤ ያላቸውን ያካፍሉታል። ይህ ተጓዥ የውጭ ምንዛሪ አይዞም፤ የሆቴል ክፍልም አላስያዘም። ሆኖም በዚያች ከተማ ከእርሱ የከበረ እንግዳ የለም። ትንሽና ድኻ የሆነች ከተማ ያንን ሁሉ ሕዝብ ማስተናገድ ከቻለች፣ በሀብትም በተቋምም የምትበልጣት ዋና ከተማ አልችልም የምትልበት ምክንያት ከቶ ሊኖር አይችልም።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ሌላ ሐቅ አለ። አንድ ከተማ የቱንም ያህል ምቹ ብትሆን፣ ወደ እርስዋ የሚያደርሰው መንገድ ከተዘጋ ምቾቷ ትርጉም የለውም። በጥንቱ ዘመን መንገደኛውን ኬላ ያስቆመው ነበር። በዘመነ ደርግ ደግሞ ከአንድ ሥፍራ ወደ ሌላው የሚሄድ ዜጋ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። በሕዝብ ስም የሚምል ሥርዓት ሕዝቡን በገዛ አገሩ ፈቃድ ለማኝ ማድረጉ ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባው ታሪካዊ ስሕተት ነው። በቅርቡም ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት፣ ቀጥሎም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የአክሱምን፣ የላሊበላን፣ የጎንደርንና የባሕር ዳርን ጎዳናዎች ከእንግዳ አራቁቷል። በአውሮፕላን የመሳፈር አቅም ያለው ሰው ከመንገዱ ሥጋት በላይ ሲያልፍ፣ በአውቶቡስ የሚሄደው ሰፊ ሕዝብ ግን ሥጋቱን በአካሉ ተሸክሞ ይጓዛል። ስለዚህ የሰላም ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ የመንገደኛው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ቸርችል ጎዳና ተመልሰን ሂስና ግለ ሂስ እናድርግ። በ2013 ዓ.ም. ከመስቀል አደባባይ እስከ ማዘጋጃ ቤት ያለው መንገድ እንደ አዲስ ተሠርቶ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቷል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በጎዳናው ራስ ላይ ተመርቋል። በዚያው ዓመት የተጀመረው የኮሪደር ልማትም የአራዳን መልክ ለውጧል። እነዚህ ሥራዎች የሚመሰገኑ ናቸው፤ ለእግረኛ የሰፋ መንገድ መኪና ለሌለው ብዙኃን የተከፈለ ዕዳ ነው። ሆኖም ምስጋና ሂስን የሚያስቀር ሊሆን አይገባም።

አንደኛ፣ ጎዳናው እንግዳውን የሚቀበልበት በር ተነጥሎበታል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር የመንገደኛ ጣቢያው ከለገሃር ሳይሆን ከከተማዋ ዳርቻ፣ ከለቡ በኩል ነው። የአገር አቋራጭ አውቶቡሶችም በአውቶቡስ ተራ፣ በላምበረት፣ በአስኮና በቃሊቲ ተከፋፍለዋል። በሮም ከተማ ከተርሚኒ ጣቢያ የወረደ መንገደኛ ኮሎሲየም ድረስ በእግሩ ይሄዳል፤ የእኛ መንገደኛ ግን መሐል ከተማ ለመግባት ሁለተኛ ጉዞ ይጠብቀዋል፤ ያም ጉዞ በወያላ ጩኸት የሚመራ፣ የከተማዋን የሰፈር ስሞች አስቀድሞ ለማያውቅ ሰው ፈተና የሆነ ጉዞ ነው።

ሁለተኛ፣ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የአራዳ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ የከተማዋ ክፍል ተዛውረዋል። የእነዚህ ቤቶች እርጅና የሚያስመካ አልነበረም። ነገር ግን በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች የሚገኙ አልቤርጎዎች፣ ሻይ ቤቶችና ትናንሽ ምግብ ቤቶች ለድኻው እንግዳ ማረፊያው መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። የፈረሰውን ቤት በፎቅ መተካት ይቻላል፤ በርካሽ ዋጋ የሚያሳድረውንና «ከየት መጣህ?» ብሎ የሚጠይቀውን ሰው ለመተካት ግን ዕቅድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። ጥቁር አንበሳ ከመላው አገሪቱ ሪፈር የተጻፈላቸው ሕሙማን የሚላኩበት ሆስፒታል ነው። ስለዚህ የቸርችል ጎዳና ዋነኛ ጎብኚ የስጦታ ዕቃ መሸጫዎቹን የሚያማትረው ቱሪስት ሳይሆን፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሕመምተኛውን በክንዱ ደግፎ ያንን ዳገት የሚወጣው ሰው ነው። ይህ ሰው ተራው እስኪደርስ ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን በከተማዋ ይቆያል። የሚቀመጥበት ጥላ፣ ያለ ዋጋ የሚጠጣው ውኃ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ በዝቅተኛ ክፍያ የሚያድርበት መጠለያ ያስፈልገዋል። ጎዳናው ለዚህ ሰው ካልተመቸ፣ መብራቱ ቢያሸበርቅም አልተመቸም።

አንዳንድ ወገኖች «ድኻ አገር አስቀድማ የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣውን እንግዳ ታስተናግድ፤ የቀረው ቀስ ብሎ ይደርሳል» ሲሉ ይከራከራሉ። ይህ ክርክር ከላይ ሲታይ እውነት ቢመስልም ሥሩ የተሳሳተ ነው። ስሙ የተጻፈበት መንገድ፣ በግልጽ የተለጠፈ የታክሲ ታሪፍ፣ ዘንባላ ያለው መወጣጫ፣ ንጹሕ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ለገበሬውም ለቱሪስቱም እኩል ያገለግላሉ። ባለ ኮከቡ ሆቴል ግን የሚያገለግለው አንዱን ብቻ ነው። ለብዙኃኑ የተመቸች ከተማ ለውጭ ሰውም መመቸቷ የማይቀር ሲሆን፣ ለውጭ ሰው ብቻ የተሰናዳች ከተማ ግን ለገዛ ልጆቿ ባዕድ ትሆናለች።

በመሆኑም የከተሞቻችን አስተዳደሮች በየአውቶቡስ መናኸሪያውና በየባቡር ጣቢያው ማንበብ ለሚችለውም ለማይችለውም የሚገባ አቅጣጫ ጠቋሚ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲያቆሙ፣ ከመናኸሪያ ወደ ዋና ዋና ሆስፒታሎች በቀጥታ የሚሄድ የከተማ አውቶቡስ እንዲመድቡ፣ በሪፈራል ሆስፒታሎች አቅራቢያ የአስታማሚ ማደሪያ እንዲያቋቁሙ፣ ነባር ሰፈር በሚታደስበት ሥፍራ ሁሉ ለርካሽ ማደሪያና ለሻይ ቤት ቦታ እንዲከልሉ አበክረን እናሳስባለን። ከእነዚህ አንዱም ቢሆን ከአቅማችን በላይ አይደለም፤ የሚጠይቀው ከሁሉ በፊት እንግዳው ማን እንደሆነ ማወቅን ነው።

ሐረር በበሮቿ ስም፣ ባሕር ዳር በጥላዋ፣ ላሊበላ በእግር ውኃዋ እንግዳቸውን ይቀበላሉ። አዲስ አበባም ከለገሃር እስከ አራዳ ያለውን ዳገት ለሚወጣው ደካማ መንገደኛ «ቤት የእግዜር ነው» ለማለት የምትበቃበትን ቀን ማቅረብ የሁላችንም ግዴታ ነው እንላለን።