የምረጡኝ ቅስቀሳው ለምን ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ አዘነበለ?

በ6ኛው ሀገራዊ ምርጫ ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም፣ አርሶ አደሩ በእርሻ በተጠመደበት ወቅት ነበር። እጩዎች የገጠር ቀበሌዎችን ለማዳረስ ተሽከርካሪ፣ ነዳጅና አበል ያስፈልጋቸዋል፤ ዝናብ መንገዱን ሲያበላሸው ደግሞ ጉዞው ይቀራል። የፌስቡክ ገጽ መቼም ጭቃ አያግደውም፤ መልእክቱ በጥቂት ወጪ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከከተማው ወጣት እጅ ይገባል።

ምክንያቱ ግን ወጪ ብቻ አይመስልም። በቀበሌ ስብሰባ አርሶ አደሩ እጁን አውጥቶ ማዳበሪያ ለምን እንደዘገየ ሊጠይቅ ይችላል፤ እጩውም በሕዝብ ፊት መልስ መስጠት ይኖርበታል። በማኅበራዊ ሚዲያ የማይመች አስተያየት ይሰረዛል፤ ጠያቂውም ይታገዳል።

ለፓርቲዎች የሚደለደለው ነፃ የአየር ሰዓት ኢንተርኔት ለማያገኘው የገጠር መራጭ በሬዲዮ ይደርሳል። እርሱም ቢሆን የእጩውን ቃል ያሰማል እንጂ የአርሶ አደሩን ጥያቄ ወደ እጩው አያደርስም።