መጽሐፍ ያጣው ፒያኖ

በሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ወደ መሐል ከተማው የሚዘልቅ «መኪና ግርግር» የሚባል መንገድ አለ። መንገዱ ይህን ስም ያገኘው ግራና ቀኝ ተደርድረው ከሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። መኪናው የተፈለሰፈው በጀጎል አይደለም፤ ብረቱም በሐረር አልቀለጠም። ይሁን እንጂ በዚያ መኪና የተሰፋ ልብስ ለብሳ ወደ ሠርግ የምትሄደውን የሐረር ሴት «የባዕድ ልብስ ለበሰች» ብሎ የሚነቅፋት የለም። መሣሪያው ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆንም ቅዱ፣ ልኩና ጌጡ የከተማዋ ነው። እንዲያውም የመኪናው ጩኸት ከግንቡ ውስጥ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ከመኖሩ የተነሣ ለመንገድ ስም እስከ መሆን ደርሷል።

ይህ ቀላል እውነት የሙዚቃ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ይዘነጋል። ስለ ፒያኖ በአገር ቋንቋ መጻፍ፣ ማስተማርና ማሳተም ያስፈልጋል ሲባል ሁለት ዓይነት ተቃዋሚ ይነሣል። አንደኛው «ፒያኖ የባዕድ ዕቃ፣ የመሳፍንት ቤት ማጌጫ ነው፤ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይፈይድለታል?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሙዚቃ የጆሮ እንጂ የመጽሐፍ ጉዳይ አይደለም፤ የተሰጠው ይጫወታል፣ ያልተሰጠው ቢያነብም አይጫወትም» ይላል። ሁለቱም አባባሎች አገር ወዳድነትንና ጥበብ አክባሪነትን ተከናንበው ይቀርባሉ። ሲገለጡ ግን ከሥራ መሸሻ ሆነው ይገኛሉ።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ፒያኖ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቤተ መንግሥትና በመኳንንት በር መሆኑ አይካድም። የአገሪቱ ስመ ጥር የፒያኖ ሰው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በ1923 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአዲስ አበባ ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ተወልደው፣ ገና በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ የተላኩ የባለሥልጣን ልጅ ነበሩ። ነገር ግን አንድ መሣሪያ በየት በር ገባ ብሎ መጠየቅ ብቻውን ከንቱ ነው። ከገባ በኋላ ለማን አገለገለ ተብሎም ይጠየቃል። እኒህ ሴት በ1937 በፋሺስት ኢጣሊያ እጅ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት ተግዘዋል። በኋላም በካይሮ በፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ሙዚቃን አጥንተዋል። ወደ ውጭ ሄደው ትምህርታቸውን የመቀጠል ዕድል በተነፈጋቸው ጊዜ ዓለማዊውን ኑሮ ትተው ግሸን ማርያም ገቡ። በ1960ዎቹ ዓመታት ጎንደር ላይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ በሚያጠኑበት ጊዜ፣ ቁራሽ ለምነው ሜዳ ላይ እያደሩ የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች አዩ። በ1967 በጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸውና ተከታዮቹ የወጡት ለችግረኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። በሳሎን ውስጥ የተማሩት ጣት የደጀ ሰላሙን ተማሪ ሊያበላ ወጣ ማለት ነው። እንግዲህ ፒያኖ የመሳፍንት ማጌጫ ብቻ ነው የሚለው ሰው ለዚህ ምን መልስ አለው?

መልሱን በመሣሪያው ላይ መፈለግም ይቻላል። ፒያኖ 52 ነጭና 36 ጥቁር፣ በድምሩ 88 ቁልፎች አሉት። ጥቁሮቹ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው የተደረደሩ ናቸው። ማንኛውም መምህር ከሦስቱ ጥቁሮች የመጀመሪያውን መነሻ አድርጎ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች በተራ ቢመታ፣ ትዝታ ሜጀር ተብሎ የሚታወቀውን ቅኝት ያገኛል። ነጭ ቁልፍ መንካት አያስፈልገውም። ይህን አንድ መሥመር እውነት ለተማሪው የሚነግር መጽሐፍ በየትምህርት ቤቱ ቢኖር ኖሮ «የባዕድ ዕቃ» የሚለው ክርክር በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ያልቅ ነበር።

ሁለተኛው አባባል የባሰ ጉዳት አለው፤ የአገሪቱን ታሪክ የሚክድ ነውና። ሙዚቃን በመጽሐፍ ማኖር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። ሊቃውንት የያሬድን ዜማ ከቃል ወደ ብራና ያወረዱበት ምልክት በ16ኛው መቶ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይነገራል። እዚያው ጀጎል ውስጥም በከበሮና በእንጨት ማጨብጨቢያ የሚዜመው ዚክሪ ቃሉ በዐረብኛ ፊደል በሐረሪና በዐረብኛ ቋንቋ እየተጻፈ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። ሐረር የመጽሐፍ ከተማ ናት፤ የቆዳ ድጉሷና ጥረዛዋ በእስላማዊው ዓለም የብራናና የወረቀት ጥበብ ታሪክ ውስጥ የራሱ ስፍራ ያለው ነው። ይህ የጥረዛ ሙያ ተዳክሞ በነበረበት ጊዜ የሸሪፍ ሙዚየም መሥራች አብዱላሂ ሸሪፍ ጥንታዊ ጽሑፎችን ከአሮጌ የሙዚቃ ክሮች ጋር እየሰበሰቡ፣ የተጎዱትን እየጠገኑ እንዲያንሠራራ አድርገዋል። ከአንድ ጣራ ሥር መጽሐፉና ድምፁ አብረው መቀመጣቸው ለሚያስተውል ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። ጆሮ የሰማውን ካልጻፉት ጆሮው ሲሞት አብሮ ይሞታል።

መጽሐፍ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ከዚያው ከጀጎል መውጣት አያስፈልግም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 መጨረሻ ለንግድ ሐረር ገባ፤ በ1891 ማርሴይ ላይ ሞተ። ዛሬ «ራምቦ ቤት» የሚባለው ባለፎቅ ቤት ግን ከእርሱ ሞት በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ባለቅኔው አልኖረበትም። ታዲያ በስሙ እንዲጠራ ያደረገው ምንድን ነው? መጽሐፍ ነው። ስለ እርሱ በየቋንቋው የተጻፈው መጽሐፍ ብዛት ያልኖረበትን ቤት አሰጠው። ሌላው ቀርቶ በ1875 በትውልድ ከተማው በሻርልቪል ፒያኖ መማር መጀመሩን፣ ጓደኛው ፖል ቬርሌንም ፒያኖ ሲደበድብ በቀልድ ሥዕል እንደ ሣለው የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ሳይንቁ መዝግበውታል። ለጥቂት ጊዜ ቁልፍ የነካካ ሰው ፒያኖው እንኳ ተጽፎለት ሲገኝ፣ ዕድሜያቸውን በፒያኖ ላይ ያሳለፉት ኢትዮጵያውያን በአገራቸው ቋንቋ ምን ያህል ተጻፈላቸው?

እማሆይ ጽጌ ማርያም በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ሥራቸው በሰፊው የተሰማው በ2006 ፓሪስ ላይ በወጣው የኢትዮጲክስ 21ኛ ቅጽ ነው። የኖታ መጽሐፋቸው በ2013 የታተመው በኢየሩሳሌም ነው። ስለ እርሳቸው አንድ ምዕራፍ ያለው የኬት ሞልሰን መጽሐፍ በ2022 የወጣው በእንግሊዝኛ ነው። ያችው ጸሐፊ በ2017 በብሪታኒያ ራዲዮ ያቀረበችው ዝግጅት ርእስ ደግሞ «ሆንኪ ቶንክ መነኩሲት» የሚል ነበር። ሆንኪ ቶንክ የአሜሪካ መሸታ ቤት ፒያኖ አመታት ስም ነው። ባዕድ ጆሮ የሰማውን በሚያውቀው ነገር ይመስለዋልና እኒህን መነኩሲት አንዱ ከመሸታ ቤት፣ ሌላው ከብሉዝ፣ ሌላው ከሾፓንና ከሳቲ ጋር ያስተያያቸዋል። በዚህ ባዕዱን መክሰስ አይገባም፤ እርሱ የሰማውን ጻፈ፣ ደክሞም አሳተመ፣ ስማቸውንም ከመረሳት አዳነ። ጥፋቱ የጎንደርን ዜማ፣ የትዝታን ቅኝትና የበገናን ርጋታ ለይቶ የሚያውቀው ወገን ብዕሩን ባለማንሣቱ ነው። ባለቤቱ የተኛበትን ቤት እንግዳ ስም ቢያወጣለት ይገርማል?

ሟቹን ማወደስ ቀላል ነው፤ ዛሬ በሕይወት ያሉትስ? በ1967 የተወለዱት ግርማ ይፍራሸዋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በሶፊያ ተምረው፣ «አምባሰል»ንና «እልልታ»ን የመሰሉ ሥራዎችን ለፒያኖ ደርሰዋል። አምባሰልን የሚያህል ቅኝት በአሥር ጣት እንዴት እንደሚያዝ፣ ግራ እጅ ምን እንደሚሠራ፣ የት ላይ ዝም እንደሚባል የሚያውቁ ሰው ናቸው። ይህ ዕውቀት ከሕያው አፍ ወደ ወረቀት የሚወርድበት ጊዜ አሁን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይኖርበታል። ስለ ፒያኖ የሚጻፍ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ነው፤ የዝና መጽሐፍና የእጅ መጽሐፍ። አሜሪካዊው ሐያሲ ሃሮልድ ሾንበርግ በ1963 ያሳተመው «ታላላቅ ፒያኖ ተጫዋቾች» የዝና መጽሐፍ ነው፤ ተነብቦ ያስደስታል፣ ጣትን ግን አያንቀሳቅስም። የሞስኮው መምህር ሃይንሪሽ ኒውሃውስ በ1958 ያሳተመው መጽሐፍ ግን ጣት ከመሠልጠኑ በፊት የሙዚቃው ምስል በተማሪው አእምሮ መቀረጽ እንዳለበት እያስረዳ ወደ ቁልፉ ይወስዳል። ሃንጋሪያዊው ቤላ ባርቶክም የገበሬውን ዘፈን ከመንደር መንደር እየዞረ ከቀዳ በኋላ ከ1926 እስከ 1939 ባለው ጊዜ 153 ቁርጥራጭ ሥራዎችን በስድስት ቅጾች አዘጋጅቶ «ማይክሮኮስሞስ» አለው። ሕፃኑ ከአንድ ቀላል መሥመር ተነሥቶ እስከ ከባዱ ይደርስበታል። ኢትዮጵያ የሚያስፈልጋት በቅድሚያ የዚህ ዓይነቱ የእጅ መጽሐፍ ነው። የዝናው መጽሐፍ ቢቀድም «ጉድ ነው!» ተብሎ ይነበብና ይዘጋል።

«ፒያኖ በሌለበት የፒያኖ መጽሐፍ ለማን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ግልጽ ነው። ጥያቄው ጊዜ አልፎበታል። የኤሌክትሪክ ኪቦርድ በየሠርጉ ድንኳን፣ በየመዝሙር ክፍሉ፣ በየምሽት ቤቱ ገብቷል። ቁልፉ የፒያኖ ቁልፍ ነው፤ የጎደለው ትምህርቱ ነው። ከፋብሪካ የተቀዳውን ምት ከፍቶ በላዩ የሚደርበው ወጣት፣ ማሲንቆ መቺው በጣቱ ጫፍ የሚያለዝበውን የአንቺሆዬ ድምፅ አሥራ ሁለት እኩል ርቀት ባለው መሣሪያ ላይ ሲያደርቀው ምን እንደ ጠፋ የሚነግረው የለም። ጉዳዩ አስቸኳይ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። መሣሪያው መጽሐፉን አልጠበቀም። ልብስ ሰፊው ልኩን ሳያውቅ መኪናውን ቢያሽከረክር ጨርቁ ይበላሻል እንጂ ልብስ አይወጣውም።

እንግዲህ ሥራው የታወቀ ነው። መምህራን አራቱን ቅኝቶች በቁልፍ ላይ የሚያሳይ፣ የጣት አቀማመጥ የተመለከተበት፣ ማጀቢያው ከዜማው የተነሣ መጽሐፍ ያዘጋጁ። ከያንያን የሚያውቁትን ይንገሩ፣ ይቅዱ፣ ኖታቸውን አይደብቁ። የባህል ኃላፊዎች ለበዓል መድረክ ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉን ለኅትመት ያውሉ። ሥራው በአማርኛ ብቻ ሳይወሰን የዚክሪው ምት በሐረሪ፣ የኦሮሞው ዜማ በኦሮምኛ ይጻፍበት። የመጀመሪያው ቅጂም በጀጎል ጠራዦች እጅ በቆዳ ተደጉሶ ቢወጣ ከጌጥነት ያለፈ ትርጉም ይኖረዋል። መጽሐፍ መጠረዝ የምታውቅ ከተማ የሚጠረዝ ጽሑፍ ልታጣ አይገባም።

የስፌት መኪናው ጀጎል ሲገባ ማንም «የኛ ነው ወይስ የባዕድ?» ብሎ ሸንጎ አልተቀመጠም። ሰፊው ጨርቁን ዘረጋ፣ ልኩን ለካ፣ ለልጁም አስተማረ። ፒያኖው የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።