ትምህርት ቤት መምረጥና ጉርብትና

አባትና እናት ለልጃቸው የሚሻለውን ትምህርት ቤት ለማግኘት መድከማቸው ተገቢ ነው፤ ይህን የሚነቅፍ አስተዋይ ሰው አይገኝም። ነገር ግን አንድ ቤተ ሰብ ለብቻው ሲያደርገው በጎ የሆነ ምርጫ፣ ብዙ ቤተ ሰቦች ሲያደርጉት ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለይ ሊሆን ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት በሌሎች አገሮች የደረሰውን መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር በደቡቡ ክፍል የጥቁሮችና የነጮች ልጆች ለብዙ ዘመን በሕግ ተለያይተው ይማሩ ነበር። በ1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይስማማ መሆኑን ፈረደ። ከፍርዱ በኋላ መለያየቱን ለማቆየት የፈለጉ ሰዎች ከተጠቀሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ግን «የወላጆች የመምረጥ ነፃነት» የሚለው ነበር።

በቨርጂኒያ ግዛት የፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ጥቁርና ነጭ ልጆችን በአንድነት ከማስተማር ይልቅ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ሁሉ ዘጋ። ለነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ ወላጆቻቸውም ለክፍያው ከመንግሥት ገንዘብ የሚረዱበት ጊዜ ነበር። ለጥቁሮቹ ልጆች ግን የሚመረጥ ነገር አልቀረላቸውም። አንዳንዶቹ በሌላ አውራጃ ወደሚኖሩ ዘመዶች ተላኩ፤ ብዙዎቹ ያለ ትምህርት ቤት ዋሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 እስኪፈርድ ድረስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ለአምስት ዓመት ያህል እንደ ተዘጉ ቆዩ።

ይህ በግልጥ የተሠራ በደል ስለ ሆነ ለማስተዋል አያስቸግርም። በዚያው ግዛት በኒው ኬንት አውራጃ የሆነው ግን ይበልጥ ሊያስተምረን ይገባል። በአውራጃው ሁለት ትምህርት ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የነጮች፣ ሁለተኛው የጥቁሮች። ሕዝቡ በየስፍራው ተደባልቆ ይኖር ስለ ነበረ የሰፈር መለያየት አልነበረም፤ የተማሪዎቹ አውቶቡሶች በአንድ መንገድ እየተመላለሱ ጎረቤታሞቹን ልጆች በየዘራቸው ወደየትምህርት ቤታቸው ያደርሱ ነበር። በ1965 አውራጃው ወላጆች ከሁለቱ የወደዱትን እንዲመርጡ ደነገገ። በደንቡ ላይ ማንንም የሚከለክል ቃል አልነበረም። ይሁን እንጂ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ነጭ ልጅ ወደ ጥቁሮቹ ትምህርት ቤት አልገባም። በ1967 ወደ ነጮቹ ትምህርት ቤት የገቡት ጥቁሮች 115 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 85 እጅ የሚሆኑት በቀድሞው ቀሩ።

ምርጫው ክፍት ሲሆን ስለ ምን እንዲህ ሆነ? በዚያን ጊዜ በደቡቡ ክፍል ልጁን ወደ ነጮች ትምህርት ቤት የሚልክ ጥቁር ሰው ከሥራው ወይም ከተከራየው መሬት መባረርን ይፈራ ነበር፤ ትንሹም ልጅ በማያውቃቸው መካከል ብቻውን መቀመጡ ያስጨንቀው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 ይህን የኒው ኬንት ደንብ መርምሮ፣ መለያየቱን የማፍረስ ኃላፊነት የትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር ሆኖ ሳለ ሸክሙ በልጆችና በወላጆች ላይ መጣሉን ገልጦ ደንቡ በቂ አይደለም ሲል ፈረደ።

ምርጫ ሰውን የሚለየው በቆዳ ቀለም ብቻ አይደለም፤ በሀብትም ይለያል። በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው ቺሌ ከ1981 ጀምሮ መንግሥት ለትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ ልጁን ተከትሎ ወላጆቹ ወደ መረጡለት ትምህርት ቤት፣ የግልም ቢሆን፣ እንዲሄድ አደረገች። በኋላም ይህን ገንዘብ የሚቀበሉ የግል ትምህርት ቤቶች ከወላጆች ተጨማሪ ክፍያ እንዲጠይቁ ተፈቀደላቸው፤ ብዙዎቹም የሚቀበሉትን ልጅ በፈተና ወይም ወላጆቹን በመመርመር ይለዩ ነበር። ስለዚህ መራጩ ወላጅ ነው ቢባልም፣ በእውነቱ መራጩ ትምህርት ቤቱ ሆነ። ብዙ መክፈል የሚችለው ከመሰሎቹ ጋር፣ ጥቂት የሚከፍለውም ከመሰሎቹ ጋር ተሰበሰበ፤ ከድኾቹም ልጆች ብዙዎቹ በማዘጋጃ ቤት ትምህርት ቤቶች ቀሩ። በ2006 ተማሪዎቹ ራሳቸው አደባባይ ወጥተው የትምህርቱ ሥርዓት እንዲሻሻል ጠየቁ። በ2015 በወጣው ሕግም መንግሥት የሚረዳቸው ትምህርት ቤቶች ክፍያውንና ተማሪ መለየቱን ቀስ በቀስ እንዲተዉ ተወሰነ። ወላጆች መምረጣቸው አልተከለከለም፤ የተለወጠው የአመራረጡ ደንብ ነው።

ይህ ጉዳይ ከወገኖቻችንም የራቀ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ ከሰፈራቸው ውጭ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚፈልጉ ወላጆች ምርጫቸውን በቅደም ተከተል ጽፈው በዕጣ የሚደለደሉበት የጋራ ሥርዓት በ2014 ተጀምሯል። ዕጣ ሀብታምና ድኻ አይልም። ይሁን እንጂ የማመልከቻውን ቀን ያልሰማ ወላጅ ዕጣው ውስጥ አይገባም፤ ሌሊት ሲሠራ አድሮ ማለዳ የሚመለስ አባትም ልጁን ከከተማው ዳር እስከ ዳር ለማድረስ ይቸገራል። ከተማይቱ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት ዋና ዋና ጽሑፎች በአማርኛም መተርጐማቸው ስለዚህ ታላቅ ርዳታ ነው።

እንግዲህ ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ የሚወጣ ደንብ ሲቀርብላችሁ፣ የተወደዳችሁ ወላጆች፣ መልካምነቱን በስሙ አትፍረዱ። ክፍያ አለበትን? ልጁን ማን ያመላልሰዋል? ወሬው ለሁሉ ደርሷልን? ቦታ ሲጠብ ማን ይገባል፣ ማንስ ይቀራል? ብላችሁ ጠይቁ። የእነዚህ መልስ ለባለጠጋው ብቻ የሚመች ከሆነ፣ ምርጫው ለሁሉ ተሰጠ ማለት አይቻልም።

በቤታችን ልናደርገው የምንችለውም አለ። በሰፈር ያለውን ትምህርት ቤት በሰው ወሬ ብቻ ከመተው በፊት ገብቶ ማየት፣ መምህራኑን ማነጋገር ይገባል። ልጃችንን ወደ ሌላ ብንልከውም እንኳ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እንዲጫወትና ወዳጅነቱን እንዳያቋርጥ ማድረግ ያስፈልጋል። የማመልከቻውን ቀን ስናውቅም ለማያውቀው ጎረቤት ሄደን እንንገረው። ቦታው ጥቂት ስለ ሆነ ለሰው መንገር የራስን ልጅ ዕድል እንደ ማጥበብ የሚመስለው ወላጅ ይኖራል፤ ነገር ግን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለን የምንናገር ሰዎች የጎረቤታችን ልጅ ባለማወቅ ብቻ ወደ ኋላ ሲቀር ዝም ብለን ማየት አይገባንም።