ታይፉኑ ሳይደርስ የሚደርሰው ጭንቀት

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ወደ ጓንዡ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ማኒላ ወይም ቶኪዮ ትኬት የቆረጠ ሰው ሻንጣውን እያዘጋጀ ሳለ አንድ ዜና ሊደርሰው ይችላል። ከፓስፊክ ውቅያኖስ ታይፉን ተነሥቷል፤ አቅጣጫውም ወደሚሄድበት ከተማ ነው። የበረራው ቀን ሦስት ቀን ቀርቶታል። አየር መንገዱ ገና ምንም አላለም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እነዚህ ሦስት ቀናት ነው።

ታይፉን የተለየ ነገር አይደለም። በአትላንቲክ በኩል ሀሪኬን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ሳይክሎን የሚባለው ያው አውሎ ነፋስ በምዕራብ ፓስፊክ ሲነሣ ታይፉን ይባላል። ከሞቀ ባሕር ጉልበቱን እየሳበ ይሽከረከራል፤ ነፋሱ በሰዓት 118 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይህን ስም ያገኛል። በአካባቢው በየዓመቱ ከ20 በላይ ስም የሚሰጣቸው ወጀቦች ይነሣሉ፤ አብዛኞቹም በእኛ ክረምትና በመስከረም ወር የሚከሰቱ ናቸው። ነጋዴዎቻችን ለጥቅምቱ የጓንዡ የንግድ ትርኢት የሚዘጋጁትም በዚሁ ሰሞን ነው።

የመስከረም 2018 ዓ.ም. ራጋሳ የተሰኘው ታይፉን ጉዳዩን በሚገባ አሳይቶናል። በሆንግ ኮንግ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች በረራ ለ36 ሰዓታት ያህል ቆመ። የከተማዋ ዋና አየር መንገድ ካቴይ ፓሲፊክ ከ500 በላይ በረራዎችን ሰረዘ። በቻይናዋ ጓንግዶንግ ግዛት 2 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ከመኖሪያቸው እንዲነሡ ተደረገ። መስከረም 14 ቀን ታይፉኑ በያንግጂያንግ ከተማ በኩል ወደ የብስ ገባ። ታይዋን ውስጥ በሁዋሊየን በተራራ ላይ የተጠራቀመ ውኃ ድንገት ሞልቶ ፈስሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ታይፉን በእርግጥ ይገድላል። የሚገድለው ግን በአብዛኛው በጎርፍ፣ በመሬት መንሸራተት፣ በሚወድቅ ዛፍና በሚበር ቆርቆሮ ነው። ትኬት የያዘው መንገደኛ የሚፈራው አውሮፕላኑን ነው፤ ጉዳት የሚያገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ከመነሣቱ በፊትና ካረፈ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጥበቃው። የሰው አካል መጥፎ መሆኑን ካረጋገጠው ነገር ይልቅ ያልታወቀው ነገር ይበልጥ ያስጨንቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 45 ፈቃደኞችን በኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ ድንጋይ እያስገለበጡ ከሥሩ እባብ መኖር አለመኖሩን እንዲገምቱ አደረጓቸው። እባብ በተገኘ ቁጥር እጃቸውን የሚያም ኤሌክትሪክ ይነዝራቸዋል። ላባቸውና የዓይናቸው ብሌን ስፋት ሲለካ፣ ጭንቀታቸው ጣሪያ የነካው ንዝረቱ እንደማይቀር ባወቁበት ጊዜ አልነበረም። ዕድሉ እኩል በእኩል፣ ማለትም ሃምሳ በመቶ በሆነበት ጊዜ ነበር። «በረራው ይኖር ይሆን?» እያሉ መጠበቅ ይኸው ሃምሳ በመቶ ነው። ስለዚህ «ተሰርዟል» የሚለው መልእክት ሲመጣ እፎይታ ቢሰማዎ አይገረሙ፤ ጤነኛ ስሜት ነው።

በእነዚያ ቀናት አካል ያለ ዕረፍት የሚያመነጫቸው የጭንቀት ሆርሞኖች እንቅልፍ ይነሣሉ፣ የደም ግፊትንና የስኳር መጠንን ከፍ ያደርጋሉ፣ ጨጓራን ያውካሉ። ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ግፊትዎን የሚለኩበት መሣሪያ ቤትዎ ካለ በእነዚህ ቀናት ጠዋትና ማታ ይለኩ።

ጭንቀቱን ከሁሉ በላይ የሚቀልበው ደግሞ እጃችን ላይ ያለው ስልክ ነው። የትንበያ ካርታው ላይ የሚታየው እየሰፋ የሚሄድ ክብ ወይም ቀፎ መሰል ቅርጽ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ቅርጹ ግን የወጀቡን ግዝፈት የሚያሳይ አይደለም። የወጀቡ ማዕከል ሊያልፍበት የሚችለውን ስፍራ የሚያመለክት ሲሆን፣ የሚሰፋውም ቀኑ በራቀ ቁጥር ትንበያው እርግጠኛነቱ ስለሚቀንስ ነው። ዛሬ መዳረሻዎን የሸፈነው ክብ ነገ ጠዋት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊገኝ ይችላል። በተጨማሪም አንድ ታይፉን ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል፤ ፊሊፒንስ የራሷን ስም ስለምታወጣ ራጋሳ እዚያ ናንዶ ይባል ነበር። ሁለት ወጀብ መጣ ብሎ ሁለት ጊዜ የደነገጠ ሰው ቢኖር አያስገርምም።

ምክራችን ይህ ነው፦ ትንበያውን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ብቻ ይመልከቱ። ምንጭዎ የአገሩ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤትና የአየር መንገድዎ መልእክት ይሁን፤ በቴሌግራም የሚዞረው ቪዲዮ የየት አገርና የየትኛው ዓመት እንደሆነ ማን ያውቃል? ወደ ሆንግ ኮንግ የሚሄዱ ከሆነ የከተማዋን የማስጠንቀቂያ ቁጥሮች ይወቁ። 1 እና 3 የመጠንቀቂያ ናቸው፤ 8 ሲሆን ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ ትራንስፖርትም ይመናመናል፤ ከዚያ በላይ 9 እና 10 አሉ። ከሁሉ በላይ የሚረዳው የውሳኔ ሰዓት መቁረጥ ነው። «እስከ ረቡዕ ማታ 12 ሰዓት ካልጠራ ቀን አስለውጣለሁ» ብለው ይወስኑና ለቤተሰብዎም ይንገሩ። ከዚያ ሰዓት በፊት በየደቂቃው መወሰን አይጠበቅብዎትም። ቀን ማስለወጥ ያለ ቅጣት ይፈቀድ እንደሆነ ግን አስቀድመው ለትኬት ቢሮው ይደውሉ፤ ወጀብ ሲቃረብ ብዙ አየር መንገዶች ይህን ይፈቅዳሉ።

ስለ አውሮፕላኑ ጥቂት እንበል። አብራሪዎች በታይፉን ውስጥ ሰንጥቀው አያልፉም፤ ዙሪያውን ይዞራሉ፣ አለዚያም አይነሡም። አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ የሚያቆመው የጎን ነፋሱ ለማረፍና ለመነሣት ከተፈቀደው ልክ ሲያልፍ፣ ሻንጣ ጫኙና ነዳጅ ቀጂው ሜዳ ላይ መቆም ሲያቅታቸው ነው። በራጋሳ ጊዜ ብዙ አውሮፕላኖች ባዶአቸውን መጠለያ ፍለጋ ወደ ሌሎች አገሮች ሄደው ነበር። በዚህ ምክንያት ሰማዩ ከጠራ በኋላ እንኳ በረራው ወዲያው አይስተካከልም፤ አውሮፕላኑም ሠራተኛውም የሚገኙት ሌላ ቦታ ነው። የተሰረዘ በረራ ተሳፋሪውን ያናድዳል እንጂ አይጎዳውም። ቆጣሪው ላይ ያለችውን ሠራተኛ መጮህም ነፋሱን አያቆመውም፤ የጮኸውን ሰው ግፊት ግን ከፍ ያደርጋል።

ጉዳቱ የት እንደሚገኝ ጃፓን ሁለት ጊዜ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 2018 ጄቢ የተባለው ታይፉን ኦሳካ አጠገብ በሰው ሠራሽ ደሴት ላይ የተገነባውን የካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ በባሕር ውኃ አጥለቀለቀው። ከመልሕቁ የተነቀለ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ደሴቷን ከየብስ የሚያገናኘውን ድልድይ መታው። በሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞችና ሠራተኞች መብራት በሌለበት ሙቀት ውስጥ አድረው በማግስቱ በጀልባና በአውቶቡስ ወጡ። በዓመቱ፣ መስከረም 9 ቀን 2019፣ ታይፉን ፋክሳይ ቶኪዮ አካባቢ ካለፈ በኋላ ናሪታ ላይ አውሮፕላኖች በሰላም ያርፉ ነበር። ባቡሩና አውራ ጎዳናው ግን ተቋርጦ ነበርና ከ13 ሺህ በላይ ሰዎች ተርሚናሉ ውስጥ ወለል ላይ አደሩ። ውኃ፣ ብስኩትና የመኝታ ከረጢት ታደላቸው። እስቲ ያስቡት፦ ከእነዚያ ሰዎች መካከል መድኃኒቱን በሻንጣ የላከ ሰው ሌሊቱን እንዴት አሳለፈው?

እንግዲህ ዋናው ዝግጅት መድኃኒት ነው። ለጉዞው ከሚያስፈልግዎ በላይ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ትርፍ ይያዙ፤ ሁሉም በእጅ ቦርሳዎ ውስጥ፣ በራሱ ማሸጊያ፣ የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስም ከተጻፈበት የሐኪም ወረቀት ጋር ይሁን። ይህ በተለይ በድንገት ሲቋረጡ አደጋ ለሚያስከትሉት መድኃኒቶች ነው፤ እንደ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ያሉ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ኢንሱሊን። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም በዚህ መንገደኛ ቦርሳ ውስጥ ያለ መዛነፍ መቀጠል አለበት። ጃፓን አንዳንድ የጉንፋንና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶችን እንኳ ስለምትከለክል አስቀድመው ይጠይቁ።

ኢንሱሊን ወደ ጭነት ክፍል ከገባ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። ያልተከፈተው ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ግን ከፀሐይና ከሙቀት ከተጠበቀ አራት ሳምንት ያህል ከማቀዝቀዣ ውጪ ይቆያል። ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ቀን ቢያድሩ ስለ ማቀዝቀዣ አይጨነቁ፤ ይልቅ ስለ ምግብ ይጨነቁ። ሱቆቹ ሊዘጉ ወይም መደርደሪያቸው ባዶ ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን ወግቶ ምግብ ማጣት የስኳር መውረድ ያስከትላልና ብስኩት፣ ቴምርና ከረሜላ ከቦርሳዎ አይጥፉ። ቻይና ከእኛ በአምስት ሰዓት ስለምትቀድም የመርፌውን ሰዓት እንዴት እንደሚያሸጋግሩት ከመነሣትዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ሁለተኛው የእግር ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በጤነኛ ሰው ላይ አደጋው ትንሽ ነው፤ ከ6 ሺህ ተጓዦች አንዱን ያህል። ከአዲስ አበባ ሆንግ ኮንግ አሥር ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በዚያ ላይ በወንበር የታደረ ሌሊት ሲጨመር ግን ሰውነት ሳይነቃነቅ የሚቆይበት ጊዜ ይበዛል። በየሰዓቱ ተነሥተው ይራመዱ፣ ውኃ ይጠጡ። በቅርቡ የወለዱ እናቶች፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉና ቀድሞ ደም የረጋባቸው ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ አይነሡ። አንድ ባት ብቻ አብጦ ካመመ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ሕክምና ይፈልጉ።

ነፍሰ ጡር ለሆኑ አንባቢያን ደግሞ ቀን መቁጠር ያስፈልጋል። ብዙ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ 36ኛውን ካለፈ አያሳፍሩም። በረራው በአምስት ቀን ቢዘገይ ከየትኛው ወገን እንደሚሆኑ ያስሉ።

ለፍርሃት ብለው ከሰው የተቀበሉትን ማስተኛ ክኒን አይውሰዱ። ዳያዜፓምና መሰሎቹ ከአልኮል ጋር ሲደባለቁ ትንፋሽን ያፍናሉ፤ ለሰዓታት ሳይነቃነቁ ማስተኛታቸውም ለባትዎ አይበጅም። ቡናንም ከቀትር በኋላ ይተዉት። ፍርሃቱ ድንገት ከበረታብዎ አየሩን ቀስ ብለው ያስገቡ፣ ከዚያም ካስገቡበት ረዘም ባለ ጊዜ ያስወጡ፤ ለአምስት ደቂቃ ይደጋግሙት።

ታይፉኑ እርስዎ ባሉበት ከተማ ካለፈ ከመስታወት ይራቁ። ነፋሱ ድንገት ጸጥ ካለ የወጀቡ ዓይን ሊሆን ስለሚችል አይውጡ፤ ብዙ ሳይቆይ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመለሳል። በጎርፍ ውኃ ውስጥ በባዶ እግር ወይም በነጠላ ጫማ አይሂዱ፤ ማኒላ ውስጥ ከጎርፍ በኋላ ከአይጥ ሽንት የሚመጣው ሌፕቶስፒሮሲስ የታወቀ በሽታ ነው።

ቤት ስለሚቀሩትም እንናገር። እናት እንዳትጨነቅ ብሎ ወጀቡን መደበቅ የተለመደ ነው፤ እሷ ግን ከቴሌቪዥኑ ትሰማዋለች፣ ከዚያም ለሃምሳ በመቶው ጥርጣሬ ብቻዋን ትጋለጣለች። እውነቱንና የሚደውሉበትን ሰዓት ይንገሯት። ኔትወርክ ሊቋረጥ እንደሚችልም አክለው ይንገሯት።

በመጨረሻም አንድ ጥንቃቄ። ጭንቀት ልብን ያስመታል፣ ደረትንም ያጨንቃል። ነገር ግን ደረትን ተጭኖ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዛመት፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያስከትልና በዕረፍት የማይለቅ ሕመም ከተሰማዎ «የወጀቡ ጭንቀት ነው» ብለው አይለፉት። ባሉበት ተርሚናል የሕክምና ክፍሉ የት እንደሆነ ገና ሲደርሱ ይጠይቁ፤ ሕመሙ ከጀመረ ግን እስኪያገኙት ድረስ አይዙሩ፣ እዚያው ተቀምጠው አጠገብዎ ያለውን ሠራተኛ ይጥሩ።